አራስ ሕፃን በመኪናና በቤት፦ ከየትኛው ዕቃ የትኛው ይሻላል?

የአራስ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ይይዛል፤ በአዋቂ ሰው ላይ ግን ከሰባት ወይም ከስምንት አንዱን ብቻ ነው። ይህን ከባድ ራስ የተሸከመው አንገት ጡንቻው አልጠነከረም፣ አጥንቱም ገና ለጋ ነው። የአየር ቧንቧውም ጠባብና ልል ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ይታጠፋል፤ ሕፃኑም ራሱን ቀና አድርጎ የሚተነፍስበት አቅም የለውም።

ስለዚህ ለአራስ የሚገዛም ሆነ በውሰት የሚመጣ ዕቃ ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። መኪና ሲጋጭ አንገቱን ምን ይደግፈዋል? ሲተኛ ትንፋሹን ምን ሊዘጋበት ይችላል? ዋጋ፣ መልክና ምቾት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ምርጥ መልስ የሆነ ዕቃ ለሁለተኛው መጥፎ መልስ ሊሆን እንደሚችልም ልብ ይበሉ፤ የመኪና መቀመጫ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣውም አንዱን ዕቃ ለሁለቱም ሥራ ስናውለው ነው።

በክንድ መያዝ ወይስ መቀመጫ

«ቅርብ ነው፣ ታቅፌው እሄዳለሁ» የሚባለውን በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ተጋጭታ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ብትቆም፣ 4 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን ለዚያች ቅጽበት እንደ 57 ኪሎ ገደማ ሸክም ወደ ፊት ይስባል። መኪናዋ የቆመችበት ጊዜ በግማሽ ቢያጥር ሸክሙ ወደ 113 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ሳይዘጋጅ በሁለት ክንዱ የሚይዝ ሰው የለም። ሕፃኑን በራስ ቀበቶ ውስጥ አስገብቶ ማቀፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ የአዋቂው ሰውነት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል። በአንጻሩ የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እንደሚለው፣ በትክክል የተገጠመ የሕፃን መቀመጫ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ሞት በ71 በመቶ ይቀንሳል።

ለአራስ የሚሆነው መቀመጫ ወደ ኋላ የሚያይ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪናዋ ከፊት ስትጋጭ ሁሉም ነገር ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት የሚያይ ሕፃን ደረቱ በማሰሪያ ተይዞ ይቀርና ጭንቅላቱ ብቻውን ይወነጨፋል፤ ጭነቱን ሁሉ አንገቱ ይሸከማል። ወደ ኋላ የሚያይ ሕፃን ግን ራሱም፣ አንገቱም፣ ጀርባውም በአንድነት በመቀመጫው ጀርባ ላይ ይደገፋሉ፤ ኃይሉ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል።

ሦስቱ ዓይነት መቀመጫዎች

የመጀመሪያው እጀታ ያለው ተነቃይ መቀመጫ ነው። ለአራስ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ የትከሻ ማሰሪያው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ የመቀመጫው ጎድጓዳነትም ለትንሽ ሰውነት ይስማማል። ብዙዎቹ እስከ 13 ኪሎ ድረስ ያገለግላሉ፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕፃን ክብደቱ ሳይሞላ በቁመቱ ነው የሚያልፈው። የጭንቅላቱ አናት ከመቀመጫው ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ብዙ አምራቾች «በቃው» ይላሉ። ቤዝ የሚባለው መኪና ውስጥ የሚቀር መሠረት ካለው፣ መግጠሙ አንድ ጊዜ ይሠራና በየቀኑ «ቀጭ» አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ ይሆናል። ብዙ መኪና የሚቀያይር ቤተሰብ ከሆነ ያለ ቤዝ በመኪናው ቀበቶ ብቻ መታሰር የሚችለውን ይምረጥ፤ ሁሉም አይችልም።

ሁለተኛው በመጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ኋላ ደግሞ ወደ ፊት የሚዞረው ትልቁ መቀመጫ ነው። ለዓመታት ስለሚያገለግል ገንዘብ ይቆጥባል፣ ልጁንም ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ኋላ እያየ ያቆየዋል። ችግሩ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። መለያው «ከ2.3 ኪሎ ጀምሮ» ቢልም ዝቅተኛው የማሰሪያ ቀዳዳ ከአራሱ ትከሻ በላይ ሊውል ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት በሜትር ይለኩ፤ ከመቀመጫው ወለል እስከ ዝቅተኛው ቀዳዳ ያለው ርቀት፣ ከሕፃኑ ቂጥ እስከ ትከሻው ካለው መብለጥ የለበትም። ሕፃኑ ገና ካልተወለደ ቀዳዳው ይበልጥ ዝቅ ያለውን ይውሰዱ። ክብደቱ 3 ኪሎ የማይሞላ ልጅ ከጠበቁ የመጀመሪያው ዓይነት ይሻላል እንላለን።

ሦስተኛው የመኪና አልጋ ነው። ሕፃኑን በጀርባው አንጋሎ ያስተኛዋል። ይህ በምርጫ የሚገዛ ሳይሆን በሐኪም ትእዛዝ የሚመጣ ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለዱ ሕፃናትን ብዙ ሆስፒታሎች ከመሸኘታቸው በፊት በመቀመጫቸው ላይ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ አስቀምጠው ኦክስጅናቸውንና የልብ ምታቸውን ይከታተላሉ። በተቀመጠበት ኦክስጅኑ የሚወርድ ሕፃን ነው አልጋው የሚያስፈልገው። ልጅዎ ያለ ጊዜው ከተወለደ ይህ ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ፤ መቀመጫውንም ይዘው ይሂዱ።

በመለያው ላይ ያለው ደረጃም ይለያያል። በአውሮፓ ሥርዓት የተሠራ መቀመጫ ላይ ብርቱካንማ መለያ አለ። አሮጌው ደንብ አር 44 ሲሆን የሚመድበው በክብደት ነው። ከ2013 ጀምሮ የመጣው አር 129 በቁመት ይመድባል፣ የጎን ግጭትንም ይፈትናል፣ እስከ 15 ወር ድረስም ወደ ኋላ ማየትን ግዴታ ያደርጋል። ሁለቱም ካሉ አር 129ን ይምረጡ። ከዚያ ውጪ ግን ርካሹም ውዱም መቀመጫ የሚያልፈው አንድ ዓይነት የደረጃ ፈተና ነው። ተጨማሪው ገንዘብ ባብዛኛው ለጨርቅ፣ ለቅለትና ለአገጣጠም ምቾት ነው የሚከፈለው።

በቀበቶ ማሰር ወይስ አይሶፊክስ

አይሶፊክስ በመኪናው መቀመጫ መጋጠሚያ ውስጥ ከተበየዱ የብረት ቀለበቶች ጋር የሚቆለፍ ነው። በትክክል በተገጠመ ጊዜ ቀበቶም አይሶፊክስም አስተማማኝ ናቸው፤ ልዩነቱ የመሳሳት ዕድል ላይ ነው። አይሶፊክስ ሲቆለፍ ድምፅ ያሰማል፣ ምልክቱም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ግራውን ቆልፎ ቀኙን መርሳት ግን አለ፤ ሁለቱንም በዓይንዎ ይዩ። የድጋፍ እግር ካለው እግሩ ወለሉን አጥብቆ መንካት አለበት። ወለሉ ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ያላቸው መኪኖች አሉ፤ ክዳኑ በግጭት ጊዜ ስለሚሰበር የመኪናው መመሪያ ካልፈቀደ እዚያ ላይ እግሩን አያቁሙ።

በቀበቶ ሲታሰር ዋናው ስሕተት ቀበቶው በተሳሳተ መንገድ ማለፉ ነው። በአውሮፓ መቀመጫዎች ላይ ወደ ኋላ ለሚያይ ሰማያዊ፣ ወደ ፊት ለሚያይ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ሰማያዊውን ይከተሉ። ሁለተኛው ስሕተት ቀበቶውን አለመቆለፍ ነው፤ በአንዳንድ መኪና ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲመለስ «ትክ ትክ» እያለ ወደ መቆለፍ ይቀየራል፣ በሌሎቹ ደግሞ የመቀመጫው የራሱ መቆለፊያ ነው የሚይዘው። መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ ሁለቱን ዘዴ በአንድ ላይ አይጠቀሙ፤ መቀመጫው የተፈተነው በአንዱ ነው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ቀበቶው ወይም አይሶፊክሱ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይያዙና በግራ እጅ (ግራኝ ከሆኑ በቀኝ) ወደ ጎንና ወደ ፊት ያንቀሳቅሱት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ ልል ነው። ጫፉን ይዘው ቢነቀንቁ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ይህ ያለ ነው፣ አያስደንግጥዎ።

ማዘንበሉንም ይመልከቱ። ለአራስ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈለገው። መቀመጫው ይበልጥ ቀጥ ካለ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ይበልጥ ከተንጋለለ ደግሞ በግጭት ጊዜ ሕፃኑ ወደ ላይ ይንሸራተታል። አብዛኞቹ መቀመጫዎች የውሃ ልክ ወይም የመስመር ምልክት አላቸው። መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ ይነበባል፤ ዳገት ላይ ቆሞ ማንበብ ያሳስታል።

ከፊት ወይስ ከኋላ

ከኋላ። መቀመጫው ጠብቆ የሚገጠምበት ከሆነ መካከለኛው ቦታ ከጎን ግጭት ስለሚርቅ ይመረጣል፤ መካከሉ ጠባብ ወይም ጉብታ ካለው ግን በጎን በኩል ጠብቆ የተገጠመው ይበልጣል። የሚሠራ ኤርባግ ፊት ለፊት ወደ ኋላ የሚያይ መቀመጫ ፈጽሞ አይቀመጥም። ኤርባጉ የሚፈነዳው ዓይን ከሚርገበገብበት ባነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በቀጥታ የሚመታው ከሕፃኑ ራስ ጀርባ ያለውን የመቀመጫውን ክፍል ነው። የኋላ ወንበር የሌላት መኪና ብትሆን የግድ ኤርባጉ በመዝጊያው ተዘግቶ፣ መብራቱም መዘጋቱን ማሳየቱ ይረጋገጥ። መዝጊያ ከሌላት ሕፃኑ በሌላ መኪና ይሂድ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ

ያገለገለ የመኪና መቀመጫ የምንመክረው ታሪኩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሚያውቁት ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ግጭት የደረሰበት ፕላስቲክ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይይዛል። የተሠራበት ቀን በመለያው ላይ መነበብ አለበት፤ አብዛኞቹ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። መለያው የተላጠ፣ መመሪያው የጠፋ፣ ማሰሪያው የተበጣ ከሆነ ይለፉት። ማሰሪያውን በበረኪና ያጠበ ሰው በደግነት ቢያደርገውም ክሩን አዳክሞታል። ገንዘብ ሲያጥር የታወቀ ስም ካለው አሮጌ ይልቅ መለያው ያልተነካ ርካሽ አዲስ ይግዙ። ልብስ፣ መታጠቢያ፣ የዳይፐር መቀየሪያ ጨርቅ፣ እነዚህን በውሰት ያሟሉ።

ማሰር

ሕፃኑን ስስ ልብስ አልብሰው ቂጡና ጀርባው ከመቀመጫው ጋር እስኪገጥም ያስገቡት። የትከሻ ማሰሪያው ወደ ኋላ ለሚያይ ልጅ ከትከሻው ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት። በግጭት ጊዜ ሕፃኑ የመቀመጫውን ጀርባ ተከትሎ ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ማሰሪያው ከላይ ከጀመረ እስኪይዘው ድረስ ይንሸራተታል። ይቆልፉ፤ ከዳሌው አካባቢ ያለውን ልል ማሰሪያ ወደ ትከሻ ይሳቡት፣ ከዚያ በታች ያለውን ጭራ ጎትተው ያጥብቁ። ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ለማጠፍ ይሞክሩ። ከታጠፈ ገና ነው። ጣትዎ አንሸራቶ ካመለጠ ጠብቋል። የደረት ክሊፕ ካለው በብብቱ ትይዩ ይሁን፤ ሆዱ ላይ ከወረደ ማሰሪያው ከትከሻው ይወልቃል።

ወፍራም ልብስ እዚህ ትልቁ ጠላት ነው። የማያምን ካለ ይህን ይሞክር፦ ሕፃኑን በካፖርቱ እንዳለ አስሮ ያጥብቅ። ማሰሪያውን ሳያላላ ይፍታውና ያውጣው፣ ካፖርቱን አውልቆ መልሶ ይሰረው። በሕፃኑና በማሰሪያው መካከል የሚታየው ክፍተት በግጭት ጊዜ ካፖርቱ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ነው። እጅ የሚያስገባ ያህል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ብርድ ከሆነ ስስ ልብስ ደርበው ያስሩና ብርድ ልብሱን ከማሰሪያው በላይ ያልብሱት። ፊቱ ግን አይሸፈን።

ራሱ ወደ ጎን ከወደቀ፣ ማሰሪያው ከጠበቀ በኋላ ትንንሽ ፎጣ ጠቅልለው በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ማድረግ ይቻላል። ከጀርባው ወይም ከሥሩ ግን ምንም አይገባም። ለብቻ የሚሸጡ የአንገት ትራሶች፣ የማሰሪያ ሽፋኖችና ወፍራም ምንጣፎች ከመቀመጫው ጋር አብረው ካልመጡ አልተፈተኑምና ይቅሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዞው ቢቻል ከ30 ደቂቃ አይርዘም፤ ረጅም መንገድ ግድ ከሆነ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ ከመቀመጫው ማውጣትና ማንጋለል ያስፈልጋል። አገጩን የሚያይለት አዋቂ አጠገቡ ቢቀመጥ መልካም ነው። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪና ውስጥ ብቻውን አይተው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል፣ መስኮት ትንሽ መክፈትም የመኪናውን ሙቀት እምብዛም አይቀንሰውም። ያልተኛች እናት ወይም አባት የመርሳት ዕድል አለ፤ ቦርሳ ወይም ስልክ ከሕፃኑ እግር ሥር የማስቀመጥ ልማድ ይህን ይከላከላል።

ቤት ሲደርሱ

መንገድ ላይ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ «እንዳይነቃ» ብሎ በመቀመጫው ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። አያድርጉት። መቀመጫው 45 ዲግሪ የሚይዘው በቤዙ ወይም በመኪናው ወንበር ላይ ሲሆን ነው፤ ወለል ላይ ሲቀመጥ ማዕዘኑ ይለወጣል፣ አገጩም ወደ ደረቱ ይጠጋል። እንዲመቸው ተብሎ ማሰሪያው በግማሽ ከተላላ ደግሞ ሕፃኑ ወደ ታች ሲንሸራተት አንገቱን ያንቀዋል። ጠረጴዛና ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ይገለበጣል። ወጥቶ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው ይተኛ፤ ቢነቃም ይንቃ።

የት ይተኛ?

የሕፃን አልጋ (ትልቁ)፦ ጠንካራና ለዓመታት የሚያገለግል ነው። የጎን ዘንጎቹ ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ካሳለፈ ሰፍቷል፣ የሕፃኑ ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። ፍራሹን በመዳፍዎ ተጭነው ያንሡት፤ የእጅዎ ቅርጽ ከቀረ ለስላሳ ነው። አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አሮጌ አልጋ በውሰት ከመጣልዎ አይቀበሉ፤ መያዣው ሲላላ ክፍተት ፈጥሮ ሕፃናት ስለተያዙበት በአሜሪካ ከ2011 ጀምሮ ታግዷል።

ትንሿ የአራስ አልጋ፦ ከወላጅ አልጋ አጠገብ ትገባለች፣ ለሌሊት ማጥባት ትመቻለች። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ሕፃኑ መገላበጥ ወይም በእጁ ተደግፎ ቀና ማለት ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር፣ አበቃ።

ከወላጅ አልጋ ጋር የሚጣበቅ፦ ለማጥባት ከሁሉም ይቀላል። አደጋው መጋጠሚያው ነው። ሁለቱ ፍራሾች እኩል ከፍታ ካልሆኑ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ክፍተት ከተፈጠረ ሕፃኑ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። በየምሽቱ በእጅ እየዳበሱ የሚያረጋግጡ ካልሆነ ትንሿን አልጋ ይምረጡ።

ከወላጅ ጋር አንድ አልጋ ላይ፦ አንድ ክፍል ውስጥ ማደርን ቢያንስ ለ6 ወር እንመክራለን፤ አንድ አልጋ ላይ ማደርን ግን አንመክርም። ከወላጆች አንዱ ካጨሰ፣ መጠጥ ወይም እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት ከወሰደ፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ከተወለደ፣ ወይም 4 ወር ካልሞላው አደጋው ብዙ ነው። ይሁንና እውነቱን እንናገር፤ ሌሊት የምታጠባ እናት እንቅልፍ ይጥላታል። እንቅልፍ እንደሚወስዳት ካወቀች፣ ትራስና ብርድ ልብስ ከተነሣለት አልጋ ላይ ሆና ማጥባቷ ሶፋ ላይ ከማጥባቷ ይሻላል። ሶፋ ላይ ከሕፃን ጋር እንቅልፍ መውሰድ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሕፃኑ በመደገፊያውና በሰውነት መካከል ይገባል። ስትነቃ ወደ አልጋው ትመልሰው።

ያዘመመ ማስተኛ፣ ዙሪያው በትራስ የተከበበ ጎጆ፣ የአልጋ ዙሪያ መከለያ ትራስ፦ አይግዙ። ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘመመ ማስተኛና የታጨቀ የአልጋ መከለያ በአሜሪካ በ2022 በወጣ ሕግ ታግደዋል፤ ይሁን እንጂ ገበያ ላይ አሁንም ይታያሉ። የሚሸጡት «ቅርሻት ለሚበዛበት» እየተባለ ነው። ይህ ስጋት በየቤቱ ስላለ ትንሽ እናብራራው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ከሆዱ የሚወጣው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ መልሶ ይውጠዋል ወይም ይተፋዋል። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ታች ይሆንና ወተቱ ቁልቁል ይወርድበታል። በጀርባ ማስተኛት ያንቀዋል የሚለው ፍርሃት የሰውነቱን አሠራር የሚቃረን ነው። በአሜሪካ በ1994 «በጀርባው ይተኛ» የሚለው ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ቅርሻት የሚበዛበትን ልጅ ካጠቡት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ አድርገው ይዘው ያስገሱት፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስተኙት።

ብርድ ልብስ፣ የእንቅልፍ ከረጢት ወይስ መጠቅለያ

ብርድ ልብስ ፊት ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ለአራስ አልጋ አይሆንም። እጅጌ የሌለው የእንቅልፍ ከረጢት የአንገትና የብብት ቀዳዳው ልክ ከሆነ ከሁሉም ይሻላል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ሕፃኑ ውስጡ ይሰምጣል። መጠቅለል ለሚባንን ሕፃን ይረዳል፦ ደረቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ፣ ዳሌው ላይ ልል ሆኖ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው እንዲከፈቱ። እግሩን ቀጥ አድርጎ መጠቅለል የዳሌ አጥንቱን ከመጋጠሚያው ያናጋል። ለመገላበጥ መሞከር በጀመረበት ቀን መጠቅለል ይቁም። ክብደት የተጨመረባቸው ከረጢቶችና መጠቅለያዎች ደረቱን ስለሚጫኑ አይታሰቡ።

ሙቀቱን በእጁና በእግሩ አይለኩ፤ እነዚህ ቀዝቃዛ መሆናቸው የተለመደ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ይንኩ። ካላበው ወይም ከጋለ አንድ ልብስ ይቀንሱ። ቤት ውስጥ ኮፍያ አድርጎ አይተኛ፤ ትርፍ ሙቀት ባብዛኛው የሚያስወጣው በጭንቅላቱ በኩል ነው።

መታጠቢያ፣ መቀየሪያ፣ ማዘያ

የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ 37 ዲግሪ ሙቀት፣ በቃ። ቀዝቃዛው በመጀመሪያ ይቀዳል፣ ሙቁ ይጨመርበታል፤ ሕፃኑ የሚገባው ውሃው ተለክቶ ካበቃ በኋላ ነው። ሕፃኑ ውስጥ እያለ ሙቅ ውሃ አይጨመርም። በክርንዎ ሲነኩት የሙቀትም የቅዝቃዜም ስሜት ካልሰጠዎ ልክ ነው። የውሃ ማሞቂያዎን ወደ 49 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉ። የመታጠቢያ መቀመጫና ቀለበት የሚባሉት ለአራስ አይሆኑም፤ ይገለበጣሉ፣ ደግሞም ወላጁ እጁን እንዲለቅ ያበረታታሉ።

ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ ለወገብ ይመቻል፤ ምንጣፍ ላይ መሬት መቀየር ግን ሕፃኑ የሚወድቅበት ቦታ የለውም። ጠረጴዛውን ከመረጡ ዳይፐሩ፣ ጨርቁና ቅባቱ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ፤ አንድ እጅ ሁልጊዜ ሆዱ ላይ ይሁን።

ማዘያ ሲመርጡ የጨርቁ ዓይነት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ የሚወስነው አቀማመጡ ነው። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ፣ ከደረትዎ ጋር ተጣብቆ፣ አናቱን ጎንበስ ብለው መሳም በሚችሉበት ከፍታ ይሁን። ፊቱ ምንጊዜም ይታይዎ፤ በአገጩና በደረቱ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ከረጢት መስሎ ሕፃኑን ጎብጦ የሚያስተኛው ማዘያ ከ4 ወር በታች ላለ ልጅ አይሁን፤ አንገቱ ታጥፎ ድምፅ ሳያሰማ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ታዝሎ መኪና ውስጥ መግባትም መቀመጫን አይተካም።

ካሜራ፣ የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ወይስ የጢስ ማስጠንቀቂያ

ካሜራ ለወላጅ እፎይታ ይሰጣል፤ ገመዱ ግን ከአልጋው ከ1 ሜትር በላይ ይራቅ። እግር ላይ የሚታሰሩ የትንፋሽና የኦክስጅን መቆጣጠሪያዎች ጤናማ ሕፃንን ከድንገተኛ ሞት እንደሚያድኑ አልተረጋገጠም፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያቸውም እንቅልፍ ይነሣል። ያን ገንዘብ ለጢስና ለካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ያውሉት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰል፣ ጋዝ ወይም ጄኔሬተር በተዘጋ ቤት ሲነድ ይፈጠራል፣ ሕፃንም ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ፈጥኖ ይጎዳል። የጢሱን ማስጠንቀቂያ ጣሪያ ላይ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ደግሞ ሕፃኑ በሚተኛበት ክፍል ወይም በበሩ አጠገብ ያድርጉት፤ በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭነው ድምፁ ወላጆች ከሚተኙበት ክፍል መሰማቱን ይስሙ፣ በሩ ተዘግቶም ጭምር።